መጎልመስ ያቃታቸው ትሎች

የራይና የሐር ትሎች እንደዚያ ዓመት ወፍረው አያውቁም። ጎረቤት እየጠራች አሳየቻቸው። የሟች ባሏ ወንድም ራዶይማ፣ «አንቺ፣ እነዚህ እንኳን ሐር ወተትም ሳይሰጡ አይቀሩም!» ብሎ አሳቃት።

ሳቁ ግን አልቆየም። ትሎቹ መብል ትተው ቅርንጫፍ ላይ የሚወጡበት፣ ሐር የሚያደሩበት ጊዜ አለፈ። እነሱ ግን ያላምጣሉ። ዘሩን ራይና ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ያን ቢጫ ሐር የሚያወጣ ትል በአገሩ ከእሷ በቀር ማንም የለውም። ሐር ካላደሩ ቢራቢሮ የለም፤ ቢራቢሮ ከሌለ እንቁላል የለም።

የራዶይ ልጅ ኔቬና፣ ቭራጻ ከተማ ከሚገኘው የሐር ትል ምርምር ጣቢያ መጣች። ትሎቹን አገላብጣ አየችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ፖምህን የተባይ መድኃኒት የረጨኸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። እኔ የረጨሁት ፖም ነው፤ ትሎቹ የሚበሉትን የእሷን የእንጆሪ ዛፍ መች ነካሁ?»

«ነፋስ አጥር ያውቃል እንዴ?» አለችና ወደ ራይና ተጠጋች። «ስሚኝ እትዬ። ትል ልጅ ሳለ በሰውነቱ ውስጥ ‹ገና ነህ፣ ብላ› የሚል ሆርሞን አለ። ሆርሞኑን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። ሲቀበለው ዲ ኤን ኤው ላይ ይቀመጥና የመለወጡ ጂን እንዳይነቃ ያደርጋል። ልጅነት ሲያበቃ ያ ሆርሞን ይጠፋል፤ ያኔ ሌላ ሆርሞን ይመጣና፣ በራሱ ተቀባይ በኩል፣ ጂኑን ይቀሰቅሰዋል። የአባባ መድኃኒት የልጅነቱን ሆርሞን እንዲመስል የተሠራ ነው። ቦታውን ይዞ አልነሳ ብሏል።»

«እንደ ራዶይ በይኛ!» አለች ራይና። «ለቁርስ መጥቶ እራት በልቶ የሚሄድ።»

ራዶይ አልሳቀም።

«ዘግይተው የተፈለፈሉት እነዚያ ትንንሾቹስ?» አለች ራይና።

«እነሱ ገና የልጅነት ሆርሞናቸው አልጠፋም፤ መድኃኒቱ አዲስ ነገር አልነገራቸውም። ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ቅጠል ከበሉ ይድኑ ይሆናል። ትልልቆቹ ግን…» አለች ኔቬና።

ራዶይ ጆንያ አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ኮረብታውን ተሻግሮ፣ በዚያ ዕድሜው ዛፍ ላይ እየወጣ ቅጠል ያመጣል። ራይና ልትቆጣው አፏን ትከፍትና ፀጉሩ ላይ የተሰካውን ቅጠል ስታይ ትተወዋለች። ትልልቆቹ አንድ በአንድ አለቁ። እስከ መጨረሻው ሲበሉ ነበር፤ እሷም አልከለከለቻቸውም።

አንድ ቀን ከትንንሾቹ አንዱ መብል ተወ። ራሱን ቀና አድርጎ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከአፉ ቢጫ ክር ወጣ።

«ራዶይ! ና!»

ራዶይ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ልብሴን መድኃኒት ነክቶት ይሆናል። አንቺው እይልኝ።»

«ቀይረህ ና» አለች ራይና፣ ከትሉ ዓይኗን ሳትነቅል። «እጠብቅሃለሁ።»