የዝማሬ ሳልና የጣሪያው ማሞቂያ

በኮሮና ጊዜ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ውስጥ ማሳል እንደ ወንጀል ይታይ ነበር። ዝማሬ የምትባለው ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤትም በር ላይ ያሳለ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለስ ብሎ ደነገገ። ዝማሬ ተመርምራ ኮሮና የለባትም ተብላለች፤ ግን ስታስል ታድራለች፣ ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋ ይደማል። ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ልጄ ከበር ትመለስብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ጥፋቱ የቤቱ መሆኑን የነገረን ሽጉጤ ነው። ሽጉጤ የባለቤቴ የምሕረቱ የአገር ልጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቴምቢሳ የሐበሻ ሱቆችን ፍሪጅ ይጠግናል። የተከራየነው አሮጌ ቤት ጣሪያው ውስጥ ትልቅ የጋዝ ማሞቂያ አለው፤ ሙቁን አየር በቆርቆሮ ቱቦ ወደየክፍሉ ይነፋል። ሽጉጤ እጁን ቱቦው አፍ ላይ ዘረጋና፣ የጆበርግ ብርድ ራሱ ደረቅ ነው፣ በዚህ ላይ ይህን ስትነፉባት ልጅቷን ቋንጣ እያደረጋችኋት ነው አለን።

ቅዳሜ ዕለት እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ ይዞ መጣ። ቱቦውን ቆርጦ ትንሽ ሣጥን ገጠመበት፣ ከቧንቧው ቀጭን የውሃ መስመር ሳበለት። ሣጥኑ ውስጥ ስፖንጅ የሚመስል ነገር አለ። ውሃው እሱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሙቁ አየር በዚያ ሲያልፍ እርጥበት ይዞ ይወጣል፤ የተረፈው ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የሚዞር መቆጣጠሪያ አደረገልን። ከመካከል እንዳታሳልፉት፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ መስታወቱ እንዳያልብ ዝቅ አድርጉት ብሎን ሄደ።

እኔ ግን ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው የበለጠ ይጠቅማል ብዬ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ልጅን ንፋስ ይመታል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ቤት ሰው ከታመመ መጀመሪያ የሚደረገው ቀዳዳ መድፈን ነበር። ስለዚህ በየመስኮቱ ጠርዝ ፎጣ ጠቀጠቅሁ፣ የበሩን ሥር በጋቢ ደፈንኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ማላብ ጀመረ። በመስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። የዝማሬ ዩኒፎርም ቁም ሣጥን ውስጥ ረጠበ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ሻገተ፣ ሳሏም ባሰባት። ምሕረቱ ከሱቅ ሲገባ መነጽሩ ጉም ለበሰና፣ ሐዋሳ ሐይቅ ገባሁ ወይስ ቤቴ ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

ሽጉጤ ተጠርቶ መጣ። ቁልፉን አየ፣ ፎጣዎቹን አየ፣ ጋቢውን በሁለት ጣቱ አነሣው።

«የዝማሬ እናት፣ ይህ ጋቢ ምን አጥፍቶ ነው እዚህ የተጣለው?»

«ንፋስ እንዳይመታት ነው» አልኩት።

«ባለፈው ቋንጣ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ቀቀልሻት።»

ምሕረቱ ሳቁን ይዞ ወደ ማድ ቤት ሸሸ። ሽጉጤ ቁልፉን ከመካከል ዝቅ አደረገው። የገባ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል፣ ሬዲዮውስ ለኮሮና መስኮት ክፈቱ እያለ አይደለም ወይ አለኝ። ሰምቼዋለሁ፤ ግን ለፈረንጅ የተነገረ መስሎኝ ነበር። ፎጣዎቹን እሱ አልነካቸውም፤ አንቺው አንሺያቸው ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ። ለዝማሬ ሹራብ በሹራብ ላይ ደረብኩላት፣ ቆብ አጠለቅሁላት፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መስኮቷን ጣት የምታስገባ ያህል ከፈትኩ።

ንፋሱ ማንንም አልመታም። ግድግዳው ደረቀ፣ ሻጋታውን በበረኪና ጠረግነው። ከቀን ወደ ቀን ሳሏ እየራቀ ሄደ፣ ትራሷም ላይ ደም መታየቱ ቀረ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዕለት እጇን ይዤ ወረፋ ገባሁ። ዘበኛዋ ሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ ደገነችና በዙሉ ሰላም አለቻት። ዝማሬም በዙሉ መለሰችላት። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ ሳታስል አለፈች፤ ግቢው ውስጥ ሆና ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ያን ጊዜ የያዝኩትን ትንፋሽ ስለቀው ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሳል በሳል ሆንኩ። ወረፋው ሁሉ ከኔ ሸሸ። ዘበኛዋ መለኪያውን ወደኔ አዞረችና፣

«ማማ፣ አንቺ ወደ ቤትሽ» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ሄድኩ።