አሥራ አራት ቀን ያለ ጂንሰንግ

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሰኔ ገብቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አልቆመም። የአራት ዓመት ጂንሰንጋችን፣ ያ ለጉልበት ተብሎ የሚወሰደው ሥር፣ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ሥሩን ስንነቅለው በእጃችን ላይ ይሟሟ ነበር። ከመንደራችን ሦስት ቤተሰብ እርሻውን ትቶ ሄደ።

ጎረቤቴ ፓንሶክ የተረፈውን በጆንያ ሲሸከም ብሽሽቱ ላይ እባጭ ወጣበት። ሐኪሙ ቡአ ነው አለ፤ አንጀቱ ከታነቀ ይገድለዋል። ቀዶ ጥገና ቀጠሩለት። ከዚያ በፊት ግን ደሙ አልረጋ እንዳይል ሁለት ሳምንት ጂንሰንግ እንዲያቆም አዘዙት።

ፓንሶክ የቀይ ጂንሰንግ ጭማቂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ይወስዳል።

«ካቆምኩ በሦስተኛው ቀን ትቀብሩኛላችሁ» አለ።

ባለሱቋ ኦክቡን ሳቀች። «ጋሼ፣ ሦስት ወር ወስዶ አንድ ወር ማረፍ ነው እንጂ። ሰውነት ይለምደዋል።»

«ሩዝስ ለመድኩት ብለሽ ታቆሚያለሽ?»

«በሩዝ ማን ሲኩራራ አየህ?»

እኔ በሙቀቱ ወራት አቆማለሁ። ልዩነት አይቼ አላውቅም።

ፓንሶክ የጭማቂውን ጠርሙስ ለኦክቡን ሰጣት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ዴጆን ከተማ ሆስፒታል ወሰድኩት።

«ጂንሰንግ አቁመዋል?» አለች ነርሷ።

«አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም።»

«ትናንት ምን በሉ?»

«የዶሮ ሾርባ።»

«ጂንሰንግ አለበት?»

«ያለ ጂንሰንግ ምኑን የዶሮ ሾርባ ሆነ?»

«ሌላስ?»

«የተጠበሰውን ጂንሰንግ በማር። ከረሜላውን። አረቄውን ትንሽ።» ፊቷን አይቶ ተቆጣ። «እሱ ምግብ ነው፣ ልጄ! መድኃኒት መች ሆነ?»

እንደገና ሁለት ሳምንት ተባለ። አውቶቡስ ውስጥ ብሽሽቱን ይዞ ተቀመጠ። እባጩ አድጓል።

የእሱ ቤት ድስት ሁሉ ጂንሰንግ ይገባበታል። «እኔ ቤት ነው የምትበላው» አልኩት።

ሚስቴ የሞተች ጊዜ አርባ ቀን ከገበታው አብልቶኛል። ሃያ ዓመት አለፈው። ብድሩን ልመልስ ባልኩ ቁጥር «የምን ብድር?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የአኩሪ አተር ሾርባና ሩዝ አቀረብኩለት።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ በሦስተኛው ቀን።

«ሰባ ሦስት ዓመትህ ነው።»

«ምግብህ ጣዕም የለውም።»

«ብላ።»

በአራተኛው ቀን ቀድሞኝ ተነሳ። ስለ መሞት አላነሳም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሆስፒታል ነርሷ ያንኑ ጠየቀችው። «የዚህን ሰውዬ ሾርባ» አላት፤ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ። ቁስሉ እስኪደርቅ ያለ ጂንሰንግ እንዲቆይ አዘዙት። ያን ጊዜም እኔ ዘንድ በላ።

ቁስሉ ሲደርቅ አንድ ምሳ ላይ «ጭማቂውን ልትጀምር ነው?» አልኩት።

«ከመከር በኋላ አስብበታለሁ። አሁን ምንም አልጎደለብኝ።»

ሳህኑን ጨርሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዛሬ አርባ ሞላ» አለ። «ብድርህን መልሰሃል። ነገ ቤቴ እበላለሁ።»