የእሳት ወረፋ

ልብስ ሰፊው ካገባ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር አማቱ «አንተ» እንዲሉት ነበር። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! የወለዷቸውን ልጆች «አንተ ቀልበ ቢስ»፣ «አንቺ ዝርክርክ» እያሉ ቤቱን ሲያምሱት ይውሉና ወደ እሱ ሲዞሩ ድምፃቸው የባንክ ቤት ድምፅ ይሆናል። «ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ አይቸገሩ» ይሉታል። አንድ ጊዜ የሳሎኑን መጋረጃ በካውያ አቃጠለባቸው። ልጃቸው ቢሆን ኖሮ አበሳውን ያይ ነበር። እሱን ግን «ምንም አይደል፣ አይጨነቁ» አሉት። ያን ቀን በንዴት ምሳ አልበላም። ሰው በሚስቱ ቤት እስከ መቼ እንግዳ ሆኖ ይኖራል?

ስለዚህ የአማቱ ሟች ባል የተዉት አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል ቤተሰቡ አዘነ፣ እሱ ግን ደስታውን መደበቅ አቃተው። መኪናዋን ካስነሳሁ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ያበቃል ብሎ አሰበ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ተሰንጥቋል፣ ቀይሩት» ብሎ ሄደ። ክዳኑ በጭብጥ የሚያዝ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። በመሀሉ የገባው ገመድ እሳት ያመጣለታል፣ ዙሪያውን የተሰኩት አራት ገመዶች ደግሞ እሳቱን በየተራ ነዳጁን ለሚለኩሱት አራት ካንዴላዎች ያደርሳሉ። በሁለት መቆንጠጫ የተያዘውን አሮጌ ክዳን አንስቶ አዲሱን መግጠም ነው፣ አለቀ። መለዋወጫ ሻጩም አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቀው፤ «ተራውን እንዳታፋልስ።»

ለልብስ ሰፊው ተራ ማለት ሰልፍ ነው። እንዳይምታቱበት ብሎ በአራቱ ገመዶች ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሰፋና የቤተሰቡን መጠሪያ ጻፈባቸው። ካንዴላዎቹ እንደተደረደሩት ከፊት እማማ የሚሏቸው አማቱ፣ ቀጥሎ የሚስቱ ትልቁ ወንድም፣ ከዚያ ሚስቱ፣ በመጨረሻ ሚጢጢ የሚሏት ታናሽ እህቷ። ዕድሜ ተጠብቋል፣ ክብር ተጠብቋል። በሥራው ረክቶ አራቱንም ገመዶች ከአሮጌው ክዳን ላይ በአንድ ጊዜ ነቀላቸው።

አዲሱን ክዳን ሲያነሳ ነው የደነገጠው። ክዳኑ ክብ ነው፤ ክብ ነገር ደግሞ ፊትም ኋላም የለውም። ቢቸግረው ሞተሩን በጨርቅ ወለወለው፤ ብረቱ ላይ በጉልህ «1፣ 3፣ 4፣ 2» የሚሉት ቁጥሮች በፈረንጅ አኃዝ ታትመው አገኘ። ክዳኑን ገጥሞ፣ ከተቀረጸበት «1» ጀምሮ እንደዚያው ሰካ። እማማ፣ ሚስቱ፣ ሚጢጢ፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ ወንድም።

ትልቁ ወንድም በዚያው ሰዓት ከሥራ ገባ። መሬት ቀያሽ ነው፣ በድንበር ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ጨርቆቹን አነበበና ቀና አለ።

«እኔ ከሚጢጢ ኋላ?»

«ሞተሩ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው፣ ጋሼ።»

«ፋብሪካ ስለኛ ቤተሰብ ምን ያውቃል?»

ጉድ ፈላ። ጩኸቱን ሰምተው እማማ ወጡ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ተከተሏቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ገመዶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«እኔን አንደኛ ማድረግዎ መልካም» አሉ። «የበኩር ልጄን ጭራ ያደረጉት ግን በምን ሂሳብ ነው? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደግ አልሠሩም።»

ተቆጥተው እንኳን «እርስዎ»! ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ትልቁ ወንድም የራሱን ገመድ ነቅሎ ከእናቱ ቀጥሎ ሻጠ፣ የእህቶቹንም ወደ ኋላ አሸጋሸገ። የልብስ ሰፊው ሚስት ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ አንድ ሁለቴ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም በጭስ ማውጫዋ እንደ መድፍ ተኮሰች። ልብስ ማስጫው ላይ የተሰጣው አንሶላ ጠቆረ።

«አባታችሁ ነው የተቆጣው» አሉ እማማ። «በገዛ መኪናው ገመድ ነፈጋችሁት። የመሀሉ የሱ ይሁን።»

የመሀሉ ገመድ ላይ «አባባ» ተብሎ ተጻፈ፤ የልብስ ሰፊው ሚስት አለቀሰች። መኪናዋ ግን አሁንም ተኮሰች። ሚጢጢ «መጨረሻ የሆንኩት ስላላገባሁ ነው እንዴ?» ብላ አኮረፈችና የራሷን ገመድ ነቅላ ኪሷ ልትከት ስትል የልብስ ሰፊው ትዕግሥት አለቀ።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ። «እሳት ታላቅና ታናሽ አያውቅም! እዚህ ተራ ማለት ወረፋ ነው፣ ክብር አይደለም! ሁላችሁም እጃችሁን ከሞተሩ ላይ አንሱ!»

በዚያ ቤት እማማ ላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ዝም በል!» አሉ። «በገዛ ቤቴ ነው የምትጮህብኝ? አንተ ደረቅ! አንተ ጨርቅ ቀዳጅ!»

የልብስ ሰፊው ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ።

«ምን አሉኝ?»

«ደረቅ ነው ያልኩህ! ጆሮህም አይሰማም?»

«ይድገሙልኝ፣ እማማ።»

«አማቻችን አበደ» አለ ትልቁ ወንድም።

ልብስ ሰፊው እንባው እየወረደ ገመዶቹን እንደ ቁጥሩ መልሶ ሰካ። እማማ ከኋላው ሆነው ይወርዱበታል። «ቀስ በል! ዓይንህ የት ነው? ጠበቅ አድርገህ ስካው እንጂ!» እያንዳንዷን ቃል እንደ ምርቃት ተቀበላት። ሚስቱ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳይስል፣ ሳይተኩስ ተነሳ፤ ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር።

ሁሉም አጨበጨቡ። እማማ ንዴታቸው በረደ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናመሰግናለን» አሉ በባንክ ቤቱ ድምፅ። «ደከሙ። ይግቡና ይታጠቡ።»

ልብስ ሰፊው አያቸው። የሚሠራውን ሞተር አየ። ከዚያም እጁን ሰዶ ያገኘውን አንድ ገመድ መንጭቆ ነቀለ። እሳቱ እስከ ትከሻው ነዘረውና አፈናጥሮ በቂጡ ጣለው። መኪናዋ መንተባተብ ጀመረች።

«ምን አባህ ነካህ፣ አንተ የማትረባ!» እያሉ እማማ መሬት ላይ ተንበርክከው እጁን ያዙት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩለት። «ልትሞትብኝ ነው? አንተ ልጅ፣ ልትሞትብኝ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለ ልብስ ሰፊው፤ እጁንም ከእጃቸው አላወጣም።