ወይብ የከለከለው ክርስትና

ከሸዋ ጦር ጋር መጥቶ በገሰራ በኩል መሬት የተሰጠው ደምመላሽ፣ ቤቱን የሠራው ከወይብ ወንዝ ወዲህ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ማዶ ናት። ጊዜው ጥር ስለነበረ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። «ይቺም ወንዝ ተብላ!» ብሎ ስቆባት ነበር።

በሚያዝያ፣ የበኵር ልጁ በዐርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ታመመ። እናቱ ወለተኢየሱስ ጡት ብትሰጠው አልይዝ አለ። ሳይጠመቅ ከሞተ ፍትሐት የለውም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይቀበርም። ከዚህ ሌላ የምታስበው አልነበራትም።

መሬቱ ቀድሞ የእርሱ የነበረው፣ አሁን ለደምመላሽ የሚገብረው ከዲር ከሰዓት በኋላ መጣ።

«ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ተሻገሩ። ባቱ ጠቁሯል» አለ፣ ወደ ሩቁ ተራራ እያመለከተ።

ደምመላሽ ቀና ብሎ አየ። ከራሱ በላይ ደመና የለም።

«ይኸው ፀሐይ! ደግሞ በሚያዝያ ምን ዝናብ አለ? በእኛ አገር በሚያዝያ እንኳን ወንዙ ምንጩም ይደርቃል።»

«የእናንተን አገር አላውቅም። እዚህ ዝናቡ የሚገባው አሁን ነው። ወይብ ደግሞ እዚህ በሚዘንበው አይሞላም። ከላይ ከተራራው ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ ገናሌ ወንዝ እስኪገባ የሚያቆመው የለም።»

«ዛሬ ከአጥር ሥራው ልታመልጥ ነው አይደል? አወቅሁብህ!»

«ምናለ ብንሻገር?» አለች ወለተኢየሱስ። «ከቄስ ገብረ ሥላሴ ቤት እናድር ነበር።»

«እንደ ሌባ አመሻሽ ላይ? ክርስትና አባቱ በየነ ነገ ማዶ ይጠብቀናል። በወጉ ለብሰን እንሄዳለን።»

ጠዋት ምድሩ ደረቅ ነበር። ነጭ ለብሰው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግን ጩኸቱን ሰሙ። ወይብ ቀይ ሆኖ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ማዶ ቄስ ገብረ ሥላሴና በየነ ቆመዋል። በየነ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል፤ ቃሉ አይሰማም።

ደምመላሽ ሕፃኑን ተቀብሎ ገባ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ እግሩ ከዳው። አብሯቸው የወረደው ከዲር ከኋላ መቀነቱን ይዞ ጎተተው።

«ሁለታችሁንም ይወስዳል!»

«ልቀቀኝ!»

«አልለቅም። በኋላ ይግረፉኝ።»

ዳር ላይ ተቀመጡ። ቄሱ መስቀሉን ወደ እነርሱ ዘርግተው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ወለተኢየሱስ ሕፃኑን ወደ መስቀሉ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ክንዷ እስኪዝል።

«ውኃ እዚህ ሞልቷል» አለች። «ቄሱም እዚያው ናቸው። ምን ጎደለ?»

እኩለ ቀን ሳይሆን የሕፃኑ ትንፋሽ ቆመ። ቄሱ ከማዶ ወለተኢየሱስ ስታለቅስ ሲያዩ መስቀሉን ቀስ ብለው አወረዱ።

«የት ነው የምቀብረው?» አለ ደምመላሽ። ከዲርን እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ከዲር ወደ አንድ ጥድ ወሰዳቸው። ከሥሩ በድንጋይ የተከበቡ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ።

«የልጆቼ ናቸው» አለ። «መሬቱ ለእርስዎ ሲለካ ይህችን ይተዉልኝ ልል አስቤ ነበር። ፈራሁ።»

ደምመላሽ ነጭ ኩታውን አውልቆ ለወለተኢየሱስ ሰጣት፤ ሕፃኑን ጠቀለለችበት። ከዲር ዶማ አምጥቶ መቆፈር ሲጀምር ደምመላሽ ዶማውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ከዲር ግን አልሰጠውም፤ «ይህን አባት አይቆፍርም» አለ።