ክዳኑ ብቻ ነው

«የሄደው ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ነው አሉ» አለች ሱማያ፣ ስኳር ያልገባበትን የለቅሶ ቡና ፉት ብላ። «ባዩሚ ነገ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሰጣት ነው። መካኒኩ ኡስታ ጋብር ድንኳኑ ውስጥ ሲናገር ባሌ በጆሮው ሰምቷል።»

«ሟቹ ሌላ ነገር ብሎት አልነበር እንዴ?» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው።

«ብሎት ነበር እንጂ። ‹ክዳኑ ብቻ ነው፣ ነገ መጥተህ ውሰዳት› ብሎ ደወለለት። ትንሽ ቆይቶ ነው የሞተው። አላህ ይዘንለትና፣ ዓይኑ ደክሞ ነበር ይላሉ።»

ሱማያ ያንሾካሾከች መስሏታል። የሱማያ ሹክሹክታ ግን ከፎቁ ወርዶ መንገድ ላይ ይሰማል።

ዚናት ጥቁሯን ለብሳ ከሟቹ እህት ከሐጃ ነፊሳ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሰምታለች። ከትናንት ጀምሮ የመጣው ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ስለ ባሏ አንድ አንድ ነገር ጥሎ ሄዷል፤ እጁ ቅን ነበር፣ ምላሱ ኮምጣጣ ነበር፣ ሰላት አያሳልፍም ነበር። አንዱም አንጀቷ አልገባም። ይኼኛው ግን ገባ፤ ምክንያቱም ሱማያ የማታውቀውን እሷ ታውቃለች።

የሚት ጋምር ከተማ «ደክሞ ነበር» የሚለው የባሏ የሻዝሊ ዓይን ሊጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው። በቀኙ ጥላ፣ በግራው ጭጋግ ነበር የሚያየው። ሐኪሙ ስኳሩ ነው የጎዳው፣ አይመለስም ብሎታል። ይህን ያወቁት ሐኪሙ፣ ሻዝሊና ዚናት ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የጠራት ቀን ትዝ ይላታል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ወደ ጋራዡ ስትወርድ «ምሳውን እዚያው አስቀምጪና ሂጂ፣ ዘይት ትረግጫለሽ» የሚል ሰው፣ ያን ዕለት በውስጥ በኩል ባለው በር ብቅ ብሎ «ዚናት፣ መብራቱን ይዘሽ ነይ እስቲ» አላት። ወረደች። መብራቱን ወደተከፈተው ሞተር አስጠጋች።

«ምን ይታይሻል?»

«ሞተር።»

«እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ። ዘይቱ የት ነው?»

«እታች፣ ከበስተኋላው።»

«የወደቀበትን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ የተነሳበትን ንገሪኝ። ዘይት ሌባ ነው፤ የሚያዝበትና የሰረቀበት ቦታ ለየቅል ነው።»

«ሁሉም ጥቁር ነው ሻዝሊ። በምን ልለየው?»

እሱም ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ በጨርቅ አደረቀው። ከዚያ ከኪሱ የሕፃን ፓውደር አወጣና እንደ ዱቄት ነፋበት። ሞተሩ ነጭ ሆነ። ሲነሳና ሲሞቅ ዘይቱ የሚያፈተልክበት ቦታ ከነጩ ላይ ይጠቁራል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየተከተሉ ምንጩን ማግኘት ነው።

«ፓውደሩን ስገዛ ባለ መድኃኒት ቤቱ ‹እንኳን ማርያም ማረቻት› ሊለኝ ምንም አልቀረው» አላት እየሳቀ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቆብጢ፣ የግብጽ ክርስቲያን ነው። «ወንድ ነው ሴት ብሎ ጠየቀኝ። ሴት ናት አልኩት።»

ልጅ አልነበራቸውም። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ጎረቤቱ ምሳ የምታደርስ እየመሰለው፣ መብራቱን ይዛ ትወርዳለች። እሷ ታያለች፣ እሱ ይፈርዳል። «እዚህ ጋ ጠቁሯል» ስትለው ጣቱን ይልካል። ሥራውን በሙሉ እንዲህ ነበር የሚሠሩት፤ ደንበኛም ያመሰግናል፣ እሱም «ዓይን ከሰጠህ ሁሉ ይታያል» እያለ ይቀልዳል።

የሞተ ዕለት ግን እሷ አልነበረችም። ዚፍታ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ባዩሚ ደግሞ ችኩል ነው፤ በዚያች ሰባት ሰው በምትጭን አሮጌ ታክሲ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። ሻዝሊ ሳይጠብቃት፣ ብቻውን፣ «ክዳኑ ብቻ ነው» አለ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች።

ጋብር እንደሚለው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ከሆነ ማሠራቱ ከባዩሚ አቅም በላይ ነው፤ መኪናዋ ትሸጣለች። የሻዝሊ የመጨረሻ ቃልም ሐሰት ሆኖ ይቀራል። ያም ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ዚናትን እንደ እሾህ የወጋት ሌላ ነው፤ እሷ ባለመኖሯ ነው ወይ የተሳሳተው?

ተነሳች።

«ወዴት?» አለች ሐጃ ነፊሳ፣ መቁጠሪያዋን ሳታቆም።

«ታች።»

«ታች የት?»

«ጋራዡ።»

ሐጃ ነፊሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ዒዳ ላይ ነሽ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት አትወጣም።»

«ከቤት አልወጣም ሐጃ። ደረጃው የቤቱ ነው፣ በሩም የቤቱ ነው።»

«የሟች ሱቅ በለቅሶ ይከፈታል?»

«የመንገዱን በር አልከፍተውም። ባዩሚን በውስጥ አስጠሪልኝ። ኡስታ ጋብርም አብሮት ይምጣ፤ ያለውን በዓይኑ አይቶ ይድገመው።»

«ሁለት ወንድና አንቺ? አበድሽ?»

«አንቺም ነይ እንጂ።»

«እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?»

«ስለ ዒዳ ታውቂያለሽ።»

ሐጃ ነፊሳ መቁጠሪያዋን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ሰው ካልሳባት አትነሳም። «ለወንድሜ ዱዓ ላደርግ ነው የምወርደው» አለች፣ ሱማያ እንድትሰማ ጮክ ብላ።

ጋራዡ እንደተተወ ነው። ሻዝሊ የሞተበትን ወንበር አልፋ ሐጃ ነፊሳ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ ተቀመጠችበት። የታክሲዋ ኮፈን ተከፍቷል። ዚናት መብራቱን ስታበራው ሞተሩ ነጭ ነው። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፓውደር ነፍቶበታል። በዳሰሳ ስለሠራው አንዳንዱ ቦታ ክምር ብሏል፣ አንዳንዱ ስስ ነው።

ባዩሚና ኡስታ ጋብር በሳሎኑ በኩል ገቡ። ባዩሚ የሰው ቤት ነው ብሎ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ዘይት በጠጣው ሲሚንቶ ላይ በካልሲ ቆመ። ወፍራም፣ ፊቱ ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

«ሲት ዚናት፣ ስለ መኪና ጊዜው አይደለም» አለ። «እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ ወላሂ።»

«አውቃለሁ። ኡስታ ጋብር ነው የተናገረው።»

ጋብር ጉሮሮውን ጠረገ። ድልድዩ አጠገብ ትልቅ ጋራዥ አለው፤ ወጣት ሆኖ ከሻዝሊ ጋር አንድ ጌታ ዘንድ ነበር ሥራ የለመደው። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት። እዚህ ሳትገባ፣ መንገድ ላይ ቆማ ከሥሯ ገባሁ፤ ከኋላ እስከ ፍሪሲዮኑ ድረስ ዘይት በዘይት ነች። ሻዝሊ ወንድሜ ነው፣ ስሙን ላነሳ አልፈልግም።»

«አንስተኸዋል፤ እንግዲህ አብረን እንየው። ከየት ነው የሚታየው?» አለችና መብራቱን ከታች አስገባች። ከኋላ በኩል፣ ከታች፣ ፓውደሩ ጭቃ ሆኗል። እውነትም ብዙ ነው። መብራቱን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ወሰደችው።

«ቴስታታው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ስፌት ይኼ አይደል?»

«ነው።»

«ዙሪያውን ልሂድልህ፣ አንተ እይ። ምን ይታይሃል?»

ጋብር አጎነበሰ። መብራቷ ስፌቱን ተከትሎ በግራ ሄደ፣ በፊት ዞረ፣ በቀኝ ተመለሰ። ጋብር መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ነጭ ነው» አለ።

«እንደተነፋ ነው?»

«እንደተነፋ ነው። ከኋላ አንድ መስመር ብቻ ከላይ ወርዶበታል።»

ያንን መስመር ተከተሉት። እንደ ጉንዳን መንገድ ቀጥኖ ጠቁሯል፤ ቴስታታውን አልፎ ወደ ፑንቴሪያው ክዳን ይወጣል፤ ወደዚያ ከሞተሩ አናት ላይ ወደተደፋው ረጅም ቆርቆሮ። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር፣ ከኋለኛው ማዕዘን፣ መስመሩ ያልቃል። ከሚያልቅበት አጠገብ ፓውደሩ ላይ አንድ ነገር አለ። የጣት መንገድ ነው። ከመሃል ጀምሮ ጠርዙን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ መጥቶ መጥቶ እርጥቡ ጋ ሲደርስ ቆሟል። የቆመበት ላይ የሻዝሊ አውራ ጣት አሻራ በዘይት ታትሟል፤ ሰፊ፣ ጎኑ ዱሮ በመዶሻ የተሰነጠቀ።

ሐጃ ነፊሳ ከተቀመጠችበት «ምንድን ነው? ምን አገኛችሁ?» አለች።

«ክዳኑ ነው» አለ ጋብር።

ዚናት ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። እሷን ሳይጠብቅ በጣቱ አይቶታል።

«ልንፈታው ነው» አለች። «መፍቻውን፣ ኪያቤውን አቀብለኝ።»

ቡሎኖቹ እንቢ አሉ። ጋብር ሁለት እጁን አዋለበትና ወደ ባዩሚ ዞረ። «ይኼን ማን ነው እንዲህ የጠረቀመው? ሻዝሊ እንዲህ አያጠብቅም።»

ባዩሚ ካልሲውን አየ። «ዘይት በጣለች ቁጥር… አንድ አንድ ዙር… እኔ ነኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አርብ አርብ፣ ከጁምዓ በፊት።»

«አላህ ይቅር ይበልህ። ባጠበቅካት ቁጥር እኮ ነው የባሰባት!»

«ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አይጠበቅም እንዴ?»

«ቧንቧ ነች ይቺ?»

ሐጃ ነፊሳ ሳቋ አምልጧት አፏን በሻሿ ሸፈነች። ክዳኑ ሲነሳ ነገሩ ታየ። ከሥሩ ያለው፣ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው የቡሽ ጓርኒሲዮን ደርቆ፣ ተጨፍልቆ፣ ኋላ ማዕዘኑ ላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የቆርቆሮው ከንፈርም ቡሎኖቹ አጠገብ ጎብጧል። ዚናት የተሰበረው ቁራጭ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ እየለቀመች መዳፏ ላይ ገጠመችው፤ ሁሉም አለ።

አዲሱን ጓርኒሲዮን ለማግኘት ብዙ አልፈለገችም። ሻዝሊ ጠፍጣፋ እንዲሆን ከብረት ሥር አስተኝቶታል። የቡሽ ሉሑን በተመሳሳይ አሮጌ ክዳን ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን በትንሿ መዶሻ እየኮረኮመ ቆርጦታል፤ ይኼ ሥራ ዓይን አይፈልግም። ክዳኑ ላይ ስታስቀምጠው ቀዳዳው ሁሉ ከቀዳዳው ገጠመ።

የጎበጠውን ከንፈር እንጨት ላይ አድርጎ ያቀናው ጋብር ነው። ዚናት አሮጌውን ቡሽ ከሁለቱም ፊት ፍቃ፣ በጨርቅ ጠርጋ ጨረሰች።

«ሲሊኮን ልቀባው?» አለ ጋብር።

«አትቀባው። ሲጠብቅ ያንሸራትተውና ይወጣል።»

«እኔ ጋ ሁሉንም እቀባለሁ።»

«እሱም ስለ አንተ ይል ነበር።»

«ምን ይል ነበር?»

ዚናት አመነታች። «ጋብር ሲያጠብቅ ቡሎን ያለቅሳል ይል ነበር።»

«ለእኔም ፊት ለፊት ብሎኛል» አለ ጋብር። ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እዚያ የተሰቀለ ነገር ያለ ይመስል ቆሞ አየው። ከዚያ ኪያቤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «አንቺ አጥብቂው።»

መጀመሪያ ሁሉንም በጣቷ አስያዘች። ከዚያ ከመሃል ተነስታ ወደ ዳር፣ ጥቂት ጥቂት፤ ቡሹ ጎኑ ገና እብጥ ሲል አቆመች። ጋብር እጁን ኪሱ ከትቶ አየ። አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ይበቃዋል?» አለ፤ «ይበቃዋል» አለችው።

አሁን የቀረው መፈተሽ ነው። አሮጌው ፓውደር ይጠረግና አዲስ ይነፋል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሞቃል፣ ይታያል። ዚናት በነጭ ጋዝ የነከረችውን ጨርቅ ይዛ ከታች ጀመረች፤ ጭቃውን፣ ያን ቀጭን መስመር፣ ስፌቱን፣ ቀኝና ግራውን። ሁሉም እያበራ መጣ። ባዩሚ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ይዟል። ጋብር የፓውደሩን ዕቃ ነቅንቆ ጠበቀ።

እጇ ኋለኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቆመ። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር የቀረው ነጭ ያ ብቻ ነው፤ የጣቱ መንገድና አሻራው።

«ሲት ዚናት» አለ ባዩሚ ከውስጥ፣ ምንም ስለማይታየው። «ላስነሳት?»

ጋብር በእጁ ዝም በል አለው።

ዚናት መብራቱን ትንሽ አስጠጋችው። አሻራው ላይ ያሉት ክቦች አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ስንጥቁም ይታያል። ሐጃ ነፊሳ መቁጠሪያዋን ይዛ እንደተቀመጠች ናት፤ ከላይ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። እርጥብ ፓውደር ላይ ምንም ነገር መፈተሽ አይቻልም፤ ይህን ያስተማራት እሱ ነው።

ጨርቁን ገልብጣ ንጹሑን ጎን አወጣች። ጣቱ በሄደበት አቅጣጫ፣ ከመሃል ጀምራ፣ ሳትቸኩል ጠረገችው።

«አስነሳት» አለች።