የሚሮጠው ሳክስፎን

መርፌው ሸክላው ላይ ባረፈ በሦስተኛው ሰከንድ ሳክስፎኑ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ።

ካውያው ንግግሩን የጻፈበትን ወረቀት እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ፊት ረድፍ ላይ ደግሞ ሚስቱ አለች፣ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ጫማ አድርጋ። ከበሮው ይንደቀደቃል፣ ባሱ ይከተላል፣ ሳክስፎኑ ከሁለቱም ፊት ፊት አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ይበራል። ሸክላው የካውያው የራሱ ነው። ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት እንኳ ያውቃታል። የሚጫወተው ግን ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ቤተ መጻሕፍት በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ አድማጭ የሚወደውን አልበም ይዞ መጥቶ ለምን እንደወደደው ይናገራል። ካውያው ተራውን ሰባት ወር ጠብቋል። ካውያው ያሉት የላውንደሪ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ተኩሷል። የተኮሰው አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ቢሰፋ ምድርን ሁለቴ ጠቅልሎ ለጨረቃ የትራስ ልብስ ይተርፋል። ይህን ያለው ራሱ ነው፤ ለክቶ የተከራከረው እስካሁን የለም። ዛሬም እሑድ መሆኑን ሆስፒታሉ አልሰማም መሰል፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ሲተኩስ ውሎ በቀጥታ ወደዚህ መጣ። እግሮቹ ከጉልበት በታች የማን እንደሆኑ እንጃ፤ የእሱ መሆን ካቆሙ ቆይተዋል።

ያንን ሸክላ የወደደውም ለዚሁ ነበር። ቤቱ አሮጌው ማጫወቻ ላይ ሲዞር፣ ሳክስፎን ነፊው እያንዳንዱን ድምፅ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ እየጎተተ ያወጣዋል። በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሱ የደከመ ሌላ ሰው መኖሩን ካውያው ያወቀው ያኔ ነው። አልበሙን ሌላ ቦታ ሰምቶት ስለማያውቅ የጎደለውን ታሪክ ራሱ ሞላበት። ሰውዬው የተቀረጸው ከሁለት ፈረቃ ሥራ በኋላ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ቆመ እንቅልፍ ወስዶት ሳንባው ብቻውን ጨረሰው። ላውንደሪው ውስጥ ይህን የማያምን የለም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውም ይኸው ነው፣ አራት ገጽ ሙሉ።

ሚስቱ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ያ የጠፋች ላም ጩኸት» ስትለው ኖራለች። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። የተሰጠቻቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ማጫወቻውና የሚስቱ የስፌት መኪና ባንድ ላይ አይገቡባትም። የትኛው ውጭ እንደሚቀር ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለምኗት ነበር።

«አንዴ ብቻ ተቀምጠሽ ስሚው። ሽንኩርት ሳትከትፊ፣ መኪናሽን ሳትረግጪ። ከዚያ በኋላም ላም ነው ካልሽ በገዛ እጄ ተሸክሜ አወጣዋለሁ።»

«ብዬ ብነሳስ? ታኮርፋለህ።»

«ካኮረፍኩ ከንፈሬን ተኩሺው።»

አሁን ሳክስፎኑ እየሮጠ ሳለ ከኋላ ረድፍ አንድ ጡረተኛ ሾፌር እጁን አወጣ። ያልጠየቁትን ሁሉ ስለሚመልስ ሰፈሩ ሊቁ ይለዋል።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ቅድም ሰውዬው ደክሞታል አላልከንም? ይሄ እኮ ፖሊስ የሚያባርረው ነው የሚመስለው!»

አዳራሹ ሳቀ።

«ማሽኑ ነው» አለ ካውያው። «የእናንተ ማሽን ያጣድፈዋል።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጨዋ ሴት፣ መርፌውን አንስታ ጎንበስ ብላ አየች።

«ጋሼ፣ የኛ ልክ ነው። በየጊዜው እናስፈትሸዋለን። የእርስዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አብረን ነው ያረጀነው።»

«የሚያዞረው ላስቲክ ተቀይሮ ያውቃል?»

«ላስቲክ አለው እንዴ?»

ኃላፊዋ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ላስቲኩ ሲላላ ሸክላው ቀስ ይላል፣ ጋሼ። ድምፁም ይወፍራል።»

ሊቁ ግን ሰማ። «እንግዲያው የደከመው ላስቲኩ ነዋ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ካውያው መልስ አያጣም፤ ሳክስፎን ነፊውን ራሱን በስልክ አነጋግሬው ነበር ብሎ ይምል ነበር። ዛሬ ግን ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሚስቱ ዞረ። ተነስታ ቆማለች። በቃ፣ ሄደች አለ በልቡ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች ሚስቱ።

«ሸክላው የኛ ነው።»

«ሸክላውን ማን አለህ? የኛ ሰውዬ ገና ሲጀምር ረጅም ትንፋሽ ይወስዳል። እኔ መርፌዬ ላይ ክር የማስገባው ያኔ ነው። ይሄኛው ክሩን በምራቄ እስካርሰው እንኳ አልጠበቀኝም።»

ካውያው አፉን ከፈተ። «ታዳምጪው ነበር?»

«ታዲያ ጆሮዬን አውልቄ የት ላስቀምጠው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!»

«ላም ነው ስትዪ አልነበር?»

«ላምም ብትሆን የቤቴ ላም ናት። የማላውቃትን አምጥተህ ፊቴ አታስር።» ተመልሳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላደለች። «በል እንግዲህ። ስሚው ብለህ አምጥተኸኛል፣ የኛን አሰማኝ።»

ካውያው ኃላፊዋን «ከመጀመሪያው ያስነሱልኝ» አላት። መርፌው አረፈ፣ ሳክስፎኑ ሊሮጥ ተነሳ። ካውያው ጣቱን የሸክላው ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«ኧረ ጋሼ! ሸክላው!»

«የኔ ነው፣ ግድ የለም።»

መጀመሪያ ጫናው በዛበት፤ ሳክስፎኑ አቃሰተ፣ የእውነትም ላም ሆነ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካውያው አልሳቀም። ያ ጣት ከካውያ ብዛት እሳት አይሰማው ይሆናል እንጂ፣ ስስ ጨርቅ ምን ያህል መጫን እንደሚችል ጠንቅቆ ያውቃል። ጥቂት አላላ። ሌላም ጥቂት። ያኔ ሸክላው ውስጥ ያለው ሰውዬ ከሩጫው ወረደና መጎተት ጀመረ። ድምፁ ወፈረ፣ ከበሮው ጫማውን አወለቀ፣ ባሱ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ተከተለ። ሳቁ በየወንበሩ ሞተ። ሊቁ እንኳ ሊያወጣ የጀመረውን እጁን መልሶ አወረደ፤ ይህ ብቻውን ለጋዜጣ ይበቃል።

ሚስቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ጭኗ ላይ ሁለት ጣቶቿ ባዶ አየር ቆንጥጠው ይጠብቃሉ። ሰውዬው ረጅሙን ትንፋሽ ሲወስድ፣ ጣቶቿ ቀስ ብለው ወደፊት ሄዱ።

ኃላፊዋ በጫማዋ ጫፍ እየሄደች ስፖንጅ ያለው ወንበር አምጥታ ከኋላው አስጠጋች።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «ገና አንድ ፊት ሙሉ እኮ ነው።»

ወንበሩን ከእሱ በፊት ያዩት ጉልበቶቹ ነበሩ፤ ሊታጠፉ ምንም አልቀራቸውም።

«ስንት ደቂቃ ነው?»

«አሥራ ስምንት። በእርስዎ ጣት ግን ሃያ ሁለት ሳይሆን አይቀርም።»

«ከተቀመጥኩ ክንዴ ይዝላል» አለ ካውያው፣ ዓይኑን ከሚስቱ ሳይነቅል። «ክንዴ ከዛለ ጣቴ ይከብዳል። ሰውዬው መንገድ ላይ ይቆምባታል።»

ወንበሩን በተረከዙ ገፋ አደረገና፣ ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኙ አዛወረ።