የቆመው ሞኒተር

አራሚዋ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። «እሷ እጅ የገባ ረቂቅ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነው የሚወጣው» ይሏታል ደራሲዎቹ፣ ግማሹ በምስጋና፣ ግማሹ በምሬት።

ዘንድሮ ግን ዓይኗ አመፀባት። ከሰዓት በኋላ ፊደሉ ይደበዝዝባታል፤ ዓይኗን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራታል፤ ግንባሯን ይወጋታል። የዓይን ሐኪሟ መረመራትና፣ «ዓይንዎ ደህና ነው፤ ጠላትዎ ያቺ ሚጢጢ ላፕቶፕ ናት። ብርሃን የማያንጸባርቅ፣ ሰፋ ያለ ሞኒተር ይግዙ። አልፎ አልፎም ቀና ብለው ሩቅ ይመልከቱ» አላት።

ይህን ሲሰማ ባሏ ፊቱ በራ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው እግር ኳስ ሲሆን፣ የዋንጫ ጨዋታ ባለ ቀን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቴሌቪዥናቸው ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል።

«ለዓይንሽ ስል የማልሆነው የለም» አለና፣ ሳይነግራት ቀድሟት ወደ ሱቁ ሄደ። ሻጩን ጥግ አስይዞ፣ «ነገ ከባለቤቴ ጋር እመጣለሁ። አታውቀኝም። ያንን ትልቁን አወድስላት» ሲል አደራ አለው።

በማግስቱ ሻጩ አደራውን አልበላም። «እትዬ፣ ይሄ ለንባብ የተፈጠረ ነው! ቀለሙን ይዩልኝ!» እያለ፣ ዓሣ የሚዋኝበትን ትልቁን ስክሪን አሳያት።

«ዓሣውን ተወውና ይህችን ክፈትልኝ» አለችና ፍላሿን ሰጠችው። ውስጡ እያረመችው ያለ ልብ ወለድ ነበር።

ወንበር ስባ ክንዷን ያህል ርቃ ተቀመጠች። መጀመሪያ ርካሹን ሞከረች፤ ስክሪኑ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። «እዚህ ላይ ከድርሰቱ ይልቅ የራሴን ሽበት ነው የማነበው» አለች። በሁለተኛው ላይ ፊደሎቹ ዳር ዳራቸው ጸጉር አብቅሏል። ትልቁ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አያንጸባርቅም፤ ፊደሉም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው፤ አንዱን መስመር ለመጨረስ አንገቷ ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል።

«ይቅርብኝ» ልትል ስትል ሻጩ ተንደረደረ፦ «ኧረ እትዬ! ጋሼ ትናንት እንዳሉት ለኳስም ቢሆን...»

ባሏ ሳል በሳል ሆነ።

አራሚዋ የሰማች አትመስልም። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ይቆማል?» ብላ ጠየቀች።

«እንዴት?»

«እንደ መጽሐፍ ገጽ፣ ቁመቱ እንዲረዝም።»

ሻጩ ስክሪኑን አሽከርክሮ አቆመው፤ ሙሉ ገጹ ከአናት እስከ ግርጌ ቁጭ አለ። «ጠቅልልልኝ» አለች። ባልም ምንም ሳይገባው ካርቶኑን እንደ ዋንጫ ተሸክሞ ቤት ገባ።

እሷ ሞኒተሩን የመስኮቱ ብርሃን እንዳያርፍበት ወደ ጎን አዙራ፣ አናቱን ከዓይኗ ዝቅ አድርጋ፣ ድምቀቱን ቀንሳ አቆመችው። ሳምንቱን ሙሉ ግንባሯ ዝም አለ።

ቅዳሜ ባሏ ለውዙን ይዞ መጣና በላፕቶፗ በኩል ኳሱን ሞኒተሩ ላይ ከፈተ። ከቆመው ስክሪን መሐል አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች።

«ይሄ ሜዳ ነው ቀበቶ? ተጫዋቾቹ እኮ ጉንዳን አከሉ!»

«ዓይንህ እንዳይደክም ቀና ብለህ ሩቅ ተመልከት።»

«አዙሪልኝ እንጂ!»

«ለንባብ የተፈጠረ ነው ተብሎ የለም እንዴ?»

ባል አንገቱን ደፋ። «አወቅሽብኝ ማለት ነው?»

«መቼ ነው ስህተት አልፎኝ የሚያውቀው?» አለችና ልብ ወለዱን ስክሪኑ ላይ ከፍታ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። «በል፣ ዓይኔን ላሳርፍ። ይህን ምዕራፍ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ ከዚያ አዞርልሃለሁ።»

ባል ጨዋታው እንዳያመልጠው ጋለበው።

«ቀስ! አራት ነጥብ ላይ ፌርማታ አለ፤ ቁም!»

ቆመ። ታሪኩ ከሠርጓ ዕለት ስለጠፋች ሙሽራ ነበር። ጥቂት እንዳነበበ ድምፁ ረገበ፤ ቆየት ብሎም ለውዙን ረሳው። ሙሽራዋ የተደበቀችበት ቤት በር ተንኳኳና ምዕራፉ አለቀ።

አራሚዋ ተነስታ ኳሱን መለሰችና ስክሪኑን አጋደመችው። «በል፣ ኳስህን እይ።»

«ቆይ እንጂ! ማነው ያንኳኳው?»

«ኳስህን እይ አልኩህ።»

ጎል ገባ፤ ሕዝቡ አገሩን በጩኸት አናጋው። ባል ግን ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ «ሙሽራው ነው አይደል? አይ፣ ወንድሟ ነው! ንገሪኝ እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ!» ይላል። አራሚዋ ሶፋው ላይ ተመልሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ለውዙን ትቆረጥማለች።